ያልተራበችው እናቴ

በመጽሐፍ ውስጥ ያሉ እናቶች አይበሉም። ይህን ያወቅሁት በማስተማር ነው። ሶዶ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ ተማሪዎቼን "ስለ እናታችሁ አንድ ገጽ ጻፉ" እላቸዋለሁ። ስልሳ ልጅ ይጽፋል፣ ስልሳ እናት ጦሟን ታድራለች። ስልሳዎቹም ያለቻቸውን አንዲት ቁራሽ ለልጃቸው ሰጥተው "እኔ በልቻለሁ" ይላሉ። የስልሳዎቹም ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። ስልሳዎቹም እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ከእነዚህ እናቶች ብዙዎቹን ከወላጆች ስብሰባ አውቃቸዋለሁ፤ ደህና አድርገው የሚበሉ ሴቶች ናቸው።

አንድ ዓመት ላይ አንዲት ልጅ "እናቴ ታንኮራፋለች፤ ስታንኮራፋ ቤት ውስጥ መሆኗን ስለማውቅ ደስ ይለኛል" ብላ ጻፈች። ከአሥር አራት ሰጠኋት። ከጎኑም በቀይ እስክሪብቶ "ስለ እናት በአክብሮት ይጻፋል" የሚል አስተያየት ጨመርኩበት። እስካሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በልጆቹ አልፈርድም። እኛ የምናስተምራቸው ድርሰቶች ውስጥ እናት ወይ ታለቅሳለች፣ ወይ ትጸልያለች፣ ወይ ትሞታለች። ልጅ ደግሞ ወይ ከተማ ገብቶ ይረሳታል፣ ወይ ዲግሪውን ይዞ ሲመለስ መቃብሯ ላይ ይደፋል። ከልጇ ጋር በሽንኩርት አከታተፍ የምትጨቃጨቅ፣ ስሟን ያለ አግባብ ካነሱባት ጎረቤቶቿ ጋር ሁለት ዓመት የምትኮራረፍ፣ ጥርሷን ሲያማት ቤቱን ሁሉ የምታምስ እናት በድርሰት ውስጥ ቦታ የላትም። የእኔ እናት ግን ያቺኛዋ ናት።

እናቴ ቅቤ ነጋዴ ናት። ተበላ ወደምትባለው ከተማ ገበያ ወርዳ ትገዛለች፣ ሶዶ ወጥታ ትሸጣለች። ቅቤ ስትገዛ ቀጭን እንጨት ከላይ እስከ ታች ሰክታ ታወጣና ታሸታለች፤ ላዩ ያማረ ቅቤ መሀሉ ላይ ምን እንደሚደበቅበት ታውቃለች። ሰውንም የምታየው እንደዚሁ ነው። ባለቤቴ ለሽምግልና የመጣ ዕለት ሽማግሌዎቹን ትታ እሱን ብቻ ለረጅም ጊዜ አየችውና "ይኼ ልጅ ይፈራል፤ ይሁን፣ የሚፈራ ይሻላል" ብላ ፈቀደች። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ይፈራታል።

ቤታችን ውስጥ መጀመሪያ የምትበላው እሷ ነበረች። አባታችን እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ ስላረፈ ቤቱ የቆመው በእሷ እግር ነው። ከገበያ ስትመለስ ነጠላዋን ታወልቃለች፣ እጇን ትታጠባለች፣ ትቀመጣለች። ትልቁ ቆጮ፣ ጎመኑ፣ ዳጣው ፊቷ ይቀርባል። እኛ ሦስት ልጆች ግድግዳ ተደግፈን እንጠብቃለን። እሷ ሳትቸኩል ትበላለች፤ ዳጣው ሲያቃጥላት አፏን ከፍታ ትንፋሿን ትስባለች፣ እንደገና ትጠቅሳለች። ከጠገበች በኋላ "ኑ" ትለናለች። ምግቡ አንድም ቀን አንሶን አያውቅም። ሥርዓቱ ግን ሥርዓት ነበር። አንድ ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ደፍሮ ለምን እኛ አንቀድምም ብሎ ቢጠይቃት "እኔ ብወድቅ ማን ያነሳችኋል?" አለችውና መብላቷን ቀጠለች።

ትምህርት ቤቴን አይታው አታውቅም። "ጎበዝ" ብላኝም አታውቅም። አምስተኛ ክፍል አንደኛ ወጥቼ የምስክር ወረቀት ያመጣሁ ጊዜ በጣቶቿ አሻሸችው፣ አገላበጠችው፣ ከዚያ "ወፍራም ወረቀት ነው" አለችና በአልጋዋ ራስጌ በኩል ንፋስ የሚያስገባውን ስንጥቅ ደፈነችበት። በዚያ ቀን በጣም ተናደድኩባት። ጠዋት ሳንነሳ ትወጣለች፣ ሲመሽ ትገባለች፣ በልታ ትተኛለች። እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የተዋስኩትን መጽሐፍ ይዤ ጥግ ላይ እቀመጥና እዚያ ውስጥ ካለችው፣ ከማትበላዋ እናት ጋር አመሻለሁ።

እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሰባት ወር ሞልቶኝ ነበር። ትምህርት ቤታችን ለንባብ ሳምንት አንዲት ትንሽ መጽሔት ሊያሳትም አስቦ የአማርኛ መምህራን ሁሉ አንዳንድ አጭር ልብ ወለድ እንድንሰጥ ታዘዝን። እኔም ስለ እናት ጻፍኩ። ሴትዮዋ ቅቤ ነጋዴ ናት፤ ግን ቅቤ ቀምሳ አታውቅም። አንዲት ጎደሬ ቀቅላ ለልጇ ትሰጥና "እኔ በልቻለሁ" ትላለች። ሆዷን በመቀነት ጥብቅ አድርጋ አስራ ትተኛለች። መጨረሻው ላይ ልጇ ተመርቃ ስትመጣ እናትየው ከስታና ታማ፣ በፈራረሰች ጎጆ ውስጥ ፈገግ ብላ ትቀበላታለች። ስጽፈው አለቀስኩ። የነፍሰ ጡር እንባ መሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

ተማሪዎቼን ሁልጊዜ "ገጸ ባሕርያችሁ እንዲታይ አድርጋችሁ ጻፉ፤ ምልክት ስጡት" እላቸዋለሁ። ስለዚህ ለሴትዮዋ ምልክት ሰጠኋት። ቀኝ ጉንጯ ላይ ጥቁር ነጥብ አደረግሁላት፣ የፊት ጥርሷን ፍንጭት አደረግሁት፣ ስትስቅ በእጇ ጉልበቷን እንድትመታ አደረግሁ። ፊቱን ከእናቴ ወሰድኩ፤ ሆዱን ከመጽሐፍ።

መጽሔቷ ወጣች። አንዲት ተማሪዬ ወደ ቤቷ ይዛት ሄደችና ለእናቷ ወደ ወላይትኛ እየመለሰች አነበበችላት። እናቷ በእነ እናቴ ቤተ ክርስቲያን የእናቶች ኅብረት ጸሐፊ ናት። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ አንድ ሰው "እናቴ" ብሎ ከጀመረ ምስክርነት ነው፤ የሚጠበቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ መስማትና ማልቀስ። ጸሐፊዋ ሰማች፣ አለቀሰችም። ከዚያ ለሌሎቹ ነገረች። ሴቶቹ ነገሩን ከራሳቸው ዕውቀት ጋር አገናዘቡት። እናቴ በኅብረቱ ምሳ ላይ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ እንደምታነሳ ያውቃሉ። "ለካ ቤቷ የሚበላ የለም" ተባባሉ። "እኛ ደግሞ ሆዷን ትወዳለች ብለን ስናማት ኖርን።" አንዷማ በሐሜቷ ተጸጽታ ንስሐ ገባች።

ጉዱ ምን መሰላችሁ? ኅብረቱ በየወሩ ለአንድ ችግረኛ ቤተሰብ እህልና ልብስ ይዞ ይሄዳል፤ የዚህ አገልግሎት ኃላፊ እናቴ ናት። ሴቶቹ ብንነግራት ኩሩ ስለሆነች አትቀበለንም ብለው በድብቅ ተማከሩ። ቅዳሜ ጠዋት ጸሐፊዋ ቅቤ ተራ ሄዳ ከራሷ ከእናቴ ቅቤ ገዛች። "ለማን ነው?" አለቻት እናቴ። "ለአንዲት ደሃ ሴት ነው። ችግሯን ደብቃ የኖረች ናት።" እናቴ አዘነች፤ ከራሷ አንድ ትልቅ እፍኝ ጨምራ በኮባ ጠቀለለችላት። "እንዲህ ያሉትን ፈልጎ ማግኘት ነው የእኛ ሥራ" አለቻት፣ እንደ ኃላፊ።

ከሰዓት በኋላ ወጡ። አሥራ ሁለት ሴቶች፣ በቆሎውን፣ ቆጮውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ቅቤውን ተሸክመው፣ እየዘመሩ። እናቴ በደንቡ መሠረት ከፊት ናት። ማንበብ ስለማትችል መንገዱን የምትነግራት ወረቀት የያዘችው ጸሐፊ ናት። ወደ ዱቦ በሚወስደው መንገድ ይዘው ሄዱ። "በቀኝ" ትላለች ጸሐፊዋ፤ እናቴ ወደ ቀኝ። "ከባሕር ዛፎቹ አልፈን በግራ።" እናቴ በግራ። "እዚህ ሰፈርማ ደሃ መኖሩን አላውቅም ነበር" እያለች ነበር አሉ። ከዚያ አንድ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ፊት "እዚህ ነው" ተባለች። በሩ የራሷ ነው።

እናቴ ያኔ ምን እንዳለች የሚነግሩኝ ሰዎች አይስማሙም። አንዷ "ዝም አለች" ትላለች፤ ሌላዋ "ቁልፏን አውጥታ ከፈተችና ግቡ አለችን" ትላለች። የሚስማሙበት ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ነው። ሴቶቹን ቤቷ አስገባች፣ ጓዳዋን ከፈተች፣ የቆጮውን ጉድጓድ አሳየች፣ ከጓሮ ያለውን እንሰት አንድ በአንድ አስቆጠረቻቸው። ከዚያ ሁሉንም አበላቻቸው። ሲበሉ ቆማ ጠበቀቻቸው፤ ጨርሱ አለቻቸው፤ ያቺ ንስሐ የገባችው ሴት ሦስተኛ ጊዜ እስክታነሳ አልለቀቀቻትም። ሲያበቁ እርዳታውን እንደገና አሸክማ ወደ አንዲት የአካባቢው መበለት ቤት ይዛቸው ሄደች። መንገድ ላይ ግን የዘመረ አልነበረም።

ከዚያ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው እዚያው ሶዶ፣ ኦቶና በሚባለው ሰፈር ነው። እናቴ ከእኛ ጋር የምታወራው በወላይትኛ ነው፤ አማርኛ ለእሷ የቀበሌ፣ የፍርድ ቤትና የውሃ ክፍል ቋንቋ ነው። ስትቆጣ ብቻ ነገሩ ከቤተሰብ ጉዳይነት አልፎ ወደ ቢሮ መግባቱን ለማሳወቅ አማርኛ ትናገራለች፤ በእሷ አማርኛ ደግሞ ሴትም ወንድም "አንተ" ነው። በሩ ላይ ቆመችና "አንተ" አለችኝ፣ "አንተ እኔን መቼ ራበኝ? መቼ ጎጆ ውስጥ ተኛሁ? እኔ ቤት ቆርቆሮ ነው።"

"እማ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው" አልኳት።

"ነጥቡም ልብ ወለድ ነው?" አለችና ጉንጯን አሳየችኝ።

ከዚያ ሆዴን አየችው። ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና ወደ ወላይትኛ ተመለሰች። "ስትወልጂ ያቺ የጻፍሻት እናት መጥታ ትጠብቅሽ። እኔ አልመጣም። ግን ነግሬሻለሁ፣ ያቺ ሴት ገንፎ የምታገነፋበት ጉልበት የላትም።" ብላኝ ሄደች።

ይህ በእኛ አገር ቀልድ አይደለም። የመጀመሪያ ልጅ ሲወለድ የአራሷ እናት ጓዟን ጠቅልላ ትመጣለች። ገንፎ ታገነፋለች፣ ቅቤ ትቀባለች፣ ሕፃኑን ታጥባለች፣ እንግዳ ታስተናግዳለች፣ አራሷ ለሳምንታት፣ ቤቱ ካለው ለወራት፣ ከአልጋዋ ሳትወርድ ትቀለባለች። እናቷ በሕይወት እያለች ያልመጣችላት አራስ ሰምቼ አላውቅም። የባለቤቴ እናት ደግሞ ከሞተች ቆይታለች። ሰፈርተኛው ሁሉ ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "እናትሽ መቼ ነው የምትገባው?" ብሎ ነው። "ቅርብ ጊዜ" እላለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ያስፈራኝ ገንፎው አይደለም። መውለዱን ፈርቼ ነበር፤ ሌላ ማንም ሳይሆን እሷ እንድትኖርልኝ ፈለግሁ። ይህ ለእኔም አዲስ ነገር ነበር።

ባለቤቴን ላክሁት። አንድ ኪሎ ስኳር ይዞ ሄደ፤ ስኳሩን ይዞ ተመለሰ። "ምን አለችህ?" አልኩት። "'ለተራበች ሴት ስኳር ምን ያደርግላታል? በቆሎ አምጣ' አሉኝ" አለኝ። በቆሎ ይዞ ቢሄድ የባሰ እንደሚመጣ ገብቶት ተመልሷል። ታላቅ ወንድሜ ስልክ ደወለላት፤ አላነሳችም። እኔ ቅቤ ተራ ሄጄ ፊቷ ቆምኩ። "ምን ልስጥሽ?" አለችኝ፣ እንደ ማንኛውም ገዢ። ግማሽ ኪሎ ገዝቼ ወጣሁ። ምራቂም አልጨመረችልኝም።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነን ከረምን። በመጨረሻ ራሷ ሽማግሌ ጠራች። እኔ ልጠራ ነበር፤ ቀደመችኝ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ እሷ ቤት ተሰበሰብን። ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። አንደኛው ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ መነጽራቸውን ከአፍንጫቸው ጫፍ የማያነሱ። ሁለተኛው የዱቦ ገበሬ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ከእናቴ ጋር የረጅም ዘመን ወዳጅ። ጠረጴዛው ላይ መጽሔቷ ተቀምጣለች። በሙያዬ ብዙ የሥነ ጽሑፍ ውይይት ላይ ተገኝቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አላበኝም።

ርዕሰ መምህሩ ልብ ወለዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወደ ወላይትኛ እየመለሱ አነበቡት። ደህና አድርገው ነው ያነበቡት። ሴትዮዋ ሆዷን በመቀነት የምታስርበት ቦታ ሲደርሱ ገበሬው መሐረብ አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ።

"ምን ያስለቅስዎታል?" አለቻቸው እናቴ። "እኔ እዚሁ ተቀምጫለሁ።"

"ያሳዝናላ" አሉ ገበሬው።

"እህታችን" አሉ ርዕሰ መምህሩ መጽሔቷን እያስቀመጡ፣ "ይህ ልብ ወለድ ይባላል። የሆነ ነገር አይደለም። ከደራሲው ልብ የተወለደ ነው።"

"እሷን የወለድኳት እኔ ነኝ" አለች እናቴ። "የእሷ ልብ የወለደው ነገር ለምን የእኔን ፊት ይዞ ይወለዳል?"

ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። የዚህን ጥያቄ መልስ እኔም ኮሌጅ አልተማርኩም። ገበሬው ሊረዷቸው ፈለጉና "ሰባኪያችንስ በየእሑዱ 'አንድ ሰው ነበረ' ይል የለም እንዴ?" አሉ። "ያ ሰው የማን ጎረቤት ነው ብለን ጠይቀን እናውቃለን?"

"ሰባኪው ሰውየው ፍንጭት ነው አይልም" አለች እናቴ።

ገበሬው አሰቡበት። "እውነት ነው፣ አይልም" አሉ። እዚያ ላይ በክሱ ልረታ መሆኔ ገባኝ።

ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጃችን፣ እስቲ ንገሪን። እናትሽ አስርባችሁ ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"እሷስ ራሷ ተርባ ታውቃለች?"

"በፍጹም" አልኩ። ፍጥነቴ ሽማግሌዎቹን አሳቃቸው፤ እናቴ ግን አልሳቀችም።

"ታዲያ ለምን ጻፍሽው?"

መምህር ነኝና የመምህር መልስ ሰጠሁ። እናት በሥነ ጽሑፍ ውስጥ የመሥዋዕትነት ምልክት እንደሆነች፣ ገጸ ባሕርይ ከእውነተኛ ሰው መልኩን ብቻ ወስዶ ሌላ ሕይወት ሊኖር እንደሚችል፣ አንባቢውም ይህን ሊረዳ እንደሚገባ አስረዳሁ። ርዕሰ መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ገበሬው ዓይናቸው ተከደነ። ስምንተኛውን ወር አገባድጄ ስለነበር ቁጭ ባልኩበት ወገቤ ይነዘንዘኛል፤ አፌ ግን ያወራል።

እናቴ እስክጨርስ ጠበቀች። ከዚያ "አንድ ነገር ልጠይቃት" አለች። ድምፅዋ የገበያ ድምፅዋ አልነበረም።

"ይቺ የጻፍሻት ሴት" አለችኝ፣ "እሷን ነው የፈለግሽው?"

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሟ ስለጠፋ ነው የተቆጣችው ብዬ አስብ ነበር። በሴቶቹ ፊት ስላፈረች። በቆርቆሮ ቤቷ ላይ ጎጆ ስለቀለስኩባት። ጥያቄውን ስትጠይቀኝ ግን ነገሩ ሌላ መሆኑ ገባኝ። እናቴ በዚያች ሴት ቀንታ ነበር።

ልዋሽ እችል ነበር። ነገር ግን ቅቤ ስትወጋ ከኖረች ሴት ፊት መዋሸት በከንቱ መድከም ነው። "ልጅ ሳለሁ፣ አዎ" አልኳት። "ስለማትበላ አይደለም። 'በልቻለሁ' ብላ አጠገቤ ስለምትቀመጥ ነው።"

ገበሬው ነቁ።

"ለእኔ ነበረችኝ" አለች እናቴ።

መጀመሪያ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም።

"ያቺ ሴት ለእኔ ነበረችኝ። ተበላ ከተማ ስንኖር፣ ዝናብ የጠፋ ጊዜ። አራት ነበርን። ያለውን ታካፍለንና 'እኔ በልቻለሁ' ትለን ነበር። እኛም አመንናት። ልጅ ያምናል። አጠገባችን ትቀመጥ ነበር፣ እንዳልሽው። አንድ ቀን ተቀምጣ አልተነሳችም። አክስቴ ወሰደችኝ። እዚያ ቤት የምበላው ሁሉም ከበላ በኋላ ነው። አንዳንድ ቀን ይተርፋል፣ አንዳንድ ቀን አይተርፍም። ሳገባ ለራሴ አንድ ነገር ማልኩ። ልጆቼ ምን ያጡ ምን፣ እናት አያጡም። እበላለሁ፣ እቆማለሁ አልኩ። ሌላው አላወቅኩበትም። መቀመጡን አላወቅኩበትም።"

አያቴ እናቴ ልጅ ሳለች መሞቷን አውቅ ነበር። ምን እንደገደላት ግን ጠይቄ አላውቅም። ቅድም እሷ ተርባ ታውቃለች ወይ ተብዬ "በፍጹም" ብዬ የመሰከርኩት እኔ ነኝ፣ የሥነ ጽሑፍ መምህሯ፣ የእናቶችን ነገር አውቃለሁ የምለዋ። ግድግዳ ተደግፈን ስትበላ የምናያት ሴት ምን እያደረገች እንደነበረ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልገባኝም። አለቀስኩ። ገበሬውም አለቀሱ፤ መሐረባቸው ለሁለታችን በቃ።

ርዕሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ውሳኔ ያስፈልጋል፤ ቃለ ጉባኤም እንዲያዝ ፈለጉ። "ልጃችን ለእናቶች ኅብረት የሚነበብ ማስተባበያ ትጽፋለች። በማስተባበያውም ውስጥ እናቷ ተርባ እንደማታውቅ..." አሉና አቋረጡ፤ አሁን ይህም ልክ እንዳልሆነ ትዝ ብሏቸው።

"ማስተባበያ አልፈልግም" አለች እናቴ። "ያቺን ሴት አትንኪያት። እንዳለች ተያት። ጉንጯ ላይ ያለውን ነጥብ ብቻ አንሺው። እናቴ ነጥብ የላትም።"

"ፍንጭቱስ?" አልኳት።

"ፍንጭቱ የሷ ነው፤ ከሷ ነው የወረስኩት። ፍንጭቱ ይሁን።"

ሽማግሌዎቹ ጸለዩልን። እግሯን ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ በዚያ ሆድ ጎንበስ ማለት ራሱን የቻለ ሥራ ስለነበር ሁለቱ ሽማግሌዎች በሁለት በኩል ደግፈው ነው ያነሱኝ። ገበሬው በመጨረሻ የሁላችንንም ጥያቄ ጠየቁ። "እንግዲህ እህታችን፣ ልጅሽ ስትወልድ ልትጠብቂያት ትሄጃለሽ አይደል?"

"አያለሁ" አለች እናቴ።

"አያለሁ" ማለት በእሷ ቋንቋ እሺም እምቢም አይደለም። ቤቷ ቅቤ ሊሸጥላት ለመጣ ሰውም "አያለሁ" ነው የምትለው፤ ግማሹን ትገዛዋለች፣ ግማሹን ትመልሰዋለች። ይህንን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በሚቀጥሉት ቀናት ሚኒባስ ቤታችን አጠገብ በቆመ ቁጥር ባለቤቴ መስኮት ጋ ይሄድ ነበር። ከእኔ ሊደብቀው እየሞከረ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ምጤ መጣ። ማክሰኞ እናቴ ቅቤ ልትገዛ የምትወርድበት ቀን ነው፤ አውቄዋለሁ፣ አልጠበቅኋትም። ሆስፒታል ደርሰን፣ የሚደረገው ሁሉ ተደርጎ፣ ከሰዓት በኋላ ሴት ልጅ ወለድኩ። አዋላጇ ልጄን ደረቴ ላይ ስታስተኛት ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ከጥበቃው ጋር ሲጨቃጨቅ ሰማሁ። በአማርኛ ነበር የሚጨቃጨቀው። "አንተ እኔን አትከለክልም" ይላል፣ "ውስጥ ያለው ልጅ የኔ ነው።" ባለቤቴ ዘሎ ተነሳ።

ገባች። ለካ ታላቅ ወንድሜ ደውሎ ነግሯት ኖሯል፤ ነጠላዋ የተበላን ገበያ አቧራ ለብሷል። ልጄን ቀድማ አላየችም፤ እኔን ነው ያየችው፣ ከላይ እስከ ታች፣ ሁሉም ቦታው ላይ መኖሩን እንደምታረጋግጥ አድርጋ። ከዚያ ግንባሬ ላይ እጇን አሳረፈች። "ደህና ነች" አለች፣ ለማን እንደተናገረችው እንጃ።

በማግስቱ ቤት ስንገባ ወጥ ቤቴ የእሷ ሆኖ ጠበቀኝ። ድስቶቼ ቦታ ቀይረዋል፣ ባለቤቴ ከሶፋው ወደ ወንበር ተዛውሯል፣ ጥግ ላይ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ተደርድሯል። ገንፎው በትልቁ ሳህን መጣ፤ መሀሉ ጎድጉዶ ቅቤ ተሞልቶበታል፣ በጎኑ በርበሬ። ለስምንት ሰው ይበቃል። ማንኪያውን አንስቼ አንድ ጊዜ እንደጎረስኩ ልጄ አለቀሰች። ማንኪያውን አስቀመጥኩና እጄን ዘረጋሁ።

"ብይ" አለችኝ እናቴ።

"እያለቀሰች እኮ ነው።"

"ታልቅስ። ሳንባዋ ይከፈታል። አንቺ ብይ።"

ልጄን አነሳቻት። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት አልተመለሰችም፤ አልጋዬ ጫፍ ላይ፣ እግሬ አጠገብ ተቀመጠች። መቀመጡን እንደማታውቅበት ያስታውቃል፤ ሊነሳ እንደተዘጋጀ እንግዳ ነው የተቀመጠችው። ቢሆንም አልተነሳችም። ሕፃኗ ጭኗ ላይ ሆና ትጮሃለች፣ እኔ እበላለሁ፣ እሷ የእያንዳንዱን ማንኪያ ጉዞ ታያለች።

"ይቺም አንድ ቀን ትጽፍሻለች" አለችኝ።

"ምን ብላ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? መምህርቷ አንቺ ነሽ።" ልጄን ወደ ትከሻዋ አዛወረቻት። "ብቻ እናቴ ትበላ ነበር ብላ ትጻፍ።"

ገንፎውን ጨረስኩት።